የናንሲ ድሩን ታሪክ የጻፈው ማን ነው?

መጽሐፍ ሊገዛ ወደ መደብር የገባ ሰው አስቀድሞ በሽፋኑ ላይ ሁለት ነገር ያነባል፤ ይኸውም የመጽሐፉን አርእስትና የደራሲውን ስም ነው። አርእስቱ እንኳ ባይገባው ደራሲውን የሚያውቀው እንደ ሆነ ስሙን አምኖ ገንዘቡን ይከፍላል። ዛሬ የማወሳላችሁ ግን ልጆች በሚሊዮን እየተቈጠሩ ስሟን አምነው መጽሐፏን ስለ ገዙላት፥ ራሷ ግን ከቶ ስላልነበረች ደራሲ ነው። ስሟ ካሮሊን ኪን ይባላል። ካሮሊን ኪን አልተወለደችም፤ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ አላገባችም፤ አልሞተችምም። ሆኖም አሜሪካውያን ልጃገረዶች ደብዳቤ ይጽፉላት ነበር፤ መልስም ይደርሳቸው ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

በዚህ ስም የታተሙት መጻሕፍት ናንሲ ድሩ ስለምትባል ልጃገረድ የሚተርኩ፥ ለወጣቶች የተጻፉ የምስጢር ፍለጋ ታሪኮች ናቸው። ናንሲ በመጀመሪያው መጽሐፍ ስትታይ ዕድሜዋ 16 ዓመት ነው። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ካርሰን ድሩ ስመ ጥር ጠበቃ ነው፤ ቤቱን የምትጠብቀው ሃና ግሩን የተባለች የቤት ሠራተኛ ናት። ናንሲ ሰማያዊ አውቶሞቢሏን ራሷ እየነዳች ወጥታ፥ ሰው ያቃተውን ምስጢር ፈትታ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «የአሮጌው ሰዓት ምስጢር» ይባላል። ነገሩ የውርስ ክርክር ነው፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችሁ ይህን የመሰለ መዝገብ ያገላበጣችሁ ሁሉ ወዲያው ይገባችኋል። አንድ ሽማግሌ ይሞታል። በሕይወቱ ሳለ ችግረኞች ዘመዶቹን እንደሚያወርሳቸው ሲነግራቸው ኖሮ ነበር፤ ሲሞት ግን የተገኘው ኑዛዜ ንብረቱን ሁሉ ለአንድ ኩሩ ሀብታም ቤተ ሰብ የሚሰጥ ሆነ። ናንሲ ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሌላ ኑዛዜ ጽፎ እንደ ነበረ ትጠረጥራለች። ፍለጋዋ ወደ አንድ የሐይቅ ዳር ቤት ይወስዳታል፤ እዚያም የቤት ዕቃ የሚዘርፉ ሌቦች አግኝተዋት በልብስ ማስቀመጫ ውስጥ ቈልፈውባት ይሄዳሉ። በመጨረሻ የሽማግሌው ሰዓት ከሌቦቹ ዕቃ መካከል ይገኛል፤ በሆዱም ውስጥ ኑዛዜው የት እንደ ተቀመጠ የሚናገር ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ተደብቆ ነበር። ዘመዶቹም ድርሻቸውን ያገኛሉ።

ፍቅርስ የለበትምን? አለበት፤ ነገር ግን እንደ ቅመም በጥቂቱ ነው። ኔድ ኒከርሰን የተባለው ወጣት ተማሪ እስከ ሰባተኛው መጽሐፍ፥ ማለት እስከ 1932 ድረስ አይታይም። አመጣጡም ለምስጢር ታሪክ የሚገባ ነው። አንድ ትልቅ ቤት በእሳት ሲቃጠል ናንሲ ከአውቶሞቢሏ ርቃ ቆይታ ዞር ስትል፥ አንድ የማታውቀው ጐልማሳ አውቶሞቢሏን እየነዳ ሲወስድ ታያለች። ሌባ መሰላት፤ እርሱ ግን የእሳቱ ፍንጣሪ እንዳያገኘው ማራቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኔድ በየመጽሐፉ ይመጣል፤ ለዳንስ ይጋብዛታል፤ በአደጋም ጊዜ ይደርስላታል፤ ወደ ቁም ነገሩ ሊገባ ሲል ግን ናንሲ ወሬውን ትለውጣለች። ዐሥርት ዓመታት አልፈው በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ሁለቱ አልተጋቡም። ይህ የሆነው ሽማግሌ የሚልክ ዘመድ ጠፍቶ አይመስለኝም፤ ልጅቱ ካገባች የሚቀጥለው መጽሐፍ እንዴት ይሸጣል ተብሎ ነው እንጂ።

እንግዲህ ስለ ገበያ ከተነሣ፥ ይህችን ልጅ ያሰቧትን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ኤድዋርድ ስትራትማየር በ1862 በኒው ጀርሲ ግዛት የተወለዱ፥ ራሳቸውም ለልጆች ብዙ ታሪክ የጻፉ ሰው ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ፥ አንድ ሰው ሌሊትና ቀን ቢጽፍ የሚያደርሰው የተወሰነ መሆኑን ተመለከቱ፤ ስለዚህም ጫማ በፋብሪካ እንደሚሠራ ሁሉ ልብ ወለድም በፋብሪካ ደንብ ሊሠራ ይችላል ብለው አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ስትራትማየር የታሪኩን ሐሳብ፥ የሰዎቹን ስምና የነገሩን አካሄድ በጥቂት ገጾች አዘጋጅተው በቍርጥ ዋጋ ለሚሠራ ጸሐፊ ይልካሉ። ጸሐፊው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ200 ገጽ በላይ አድርጎ ይመልሰዋል። እርሳቸው ያርሙታል፤ አሳታሚው ያትመዋል፤ ልጆች በ50 ሳንቲም ይገዙታል። ጸሐፊው ገንዘቡን ሲቀበል አንድ ወረቀት ይፈርማል፤ በዚያም ወረቀት በመጽሐፉ ላይ ያለውን መብት ሁሉ ይለቃል። መጽሐፉ ሚሊዮን ቅጂ ቢሸጥ ለእርሱ አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም። የብዕር ስሙም የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ጸሐፊው ቢሞት ወይም ቢጣላ ሌላ ይተካበታል፤ የሚያነበው ልጅ ግን ምንም አያውቅም።

በዚያ ጊዜ የነበሩ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችና መምህራን ይህን ሥራ አጥብቀው ጠሉት። በ1914 የአሜሪካ ቦይ ስካውት የመጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፍራንክሊን ማትዩስ፥ እነዚህ ርካሽ መጻሕፍት የልጆችን አእምሮ እንደ ጥይት የሚያፈርሱ ናቸው የሚል አርእስት ያለው ጽሑፍ አወጡ። ብዙ ቤተ መጻሕፍትም በመደርደሪያቸው አላስቀመጧቸውም። ልጆቹ ግን እየተዋዋሱ አነበቡ።

በ1929 ስትራትማየር ለግሮሴት ኤንድ ደንላፕ አሳታሚ ድርጅት ስለ አንዲት መርማሪ ልጃገረድ የሚተርክ አዲስ ተከታታይ መጽሐፍ ሐሳብ አቀረቡ። ለልጅቱ ካዘጋጁላት ስሞች አንዱ ስቴላ ስትሮንግ፥ ሌላው ናን ድሩ ነበር፤ አሳታሚዎቹ ናን ድሩን መርጠው ናንሲ አደረጉት። ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት በአንድ ቀን፥ በሚያዝያ 28 ቀን 1930 ወጡ። ስትራትማየር በግንቦት 10 ቀን ሞቱ። የፋብሪካቸውን ታላቅ ፍሬ ለማየት ያገኙት ዐሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። በ1934 ፎርቹን የተባለው መጽሔት፥ በዚህ ገበያ ውስጥ የሴት ልጅ መጽሐፍ የወንዶቹን መብለጡን በመደነቅ ጽፏል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። የስትራትማየርን ጥቂት ገጾች ተቀብሎ ናንሲን እንድትራመድና እንድትናገር ያደረጋት ማን ነው? ሚልድሬድ ኦገስቲን ዊርት የተባሉ የ24 ዓመት ሴት ናቸው። በ1905 በአይዎዋ ግዛት ላዶራ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። በአይዎዋ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ዋናተኛ ነበሩ፤ በ1927 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት የማስተርስ ዲግሪ ሲቀበሉ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። ለመጽሐፍ የሚከፈላቸው 125 ዶላር ነበር። የኤኮኖሚው ውድቀት በአሜሪካ ላይ በጸና ጊዜ ድርጅቱ ዋጋውን ወደ 75 ዶላር ዝቅ ቢያደርግባቸው እምቢ ብለው ተዉት፤ ሦስት መጻሕፍት በሌላ ሰው ተጻፉ፤ በኋላ ግን ተመለሱ። እንዲህ አድርገው እስከ 1953 ድረስ ከ30ዎቹ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት 23ቱን በጽሕፈት መኪናቸው ጻፉ። በራሳቸው ስም ያሳተሟቸውም ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ፔኒ ፓርከር ስለምትባል የጋዜጣ ሰው ልጅ የጻፏቸውን ከሁሉ ይወዷቸው ነበር። የሸጠው ግን ስማቸው የሌለበት ነው።

የሌላዋን ሴት ታሪክ ሳልነግራችሁ ብቀር ፍርዴ ያዘነብላል። የስትራትማየር ታላቅ ልጅ ወይዘሮ ሃሪየት አዳምስ በ1914 ከዌልስሊ ኮሌጅ ተመርቀው ነበር፤ ነገር ግን አባታቸው ሴት ልጅ ከቤት ውጭ ሥራ እንድትይዝ አልወደዱም። አባት ሲሞቱ ሃሪየት የ37 ዓመት ሴትና የአራት ልጆች እናት ነበሩ። ከእኅታቸው ከኤድና ጋር ሆነው ድርጅቱን ሊሸጡ ቢፈልጉ በዚያ ክፉ ዘመን የሚገዛ ታጣ፤ ስለዚህ ራሳቸው ያዙት። ኤድና በ1942 ከሥራው ሲለቁ ሃሪየት ብቻቸውን ቀሩ። የታሪኩን ንድፍ ያወጣሉ፤ ያርማሉ፤ ከአሳታሚ ጋር ይከራከራሉ፤ ከ1953 በኋላም አብዛኛውን ራሳቸው ይጽፋሉ። ናንሲን እንደ ወለዷት ልጅ ያዩዋት ነበር ይባላል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ድካም ነው።

ዳሩ ግን ወይዘሮ ሃሪየት ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፥ የመጀመሪያዎቹ የአባታቸው፥ የቀሩት ደግሞ የእርሳቸው ሥራ መሆናቸውን ያስታውቁ ነበር። የወይዘሮ ሚልድሬድ ስም ከነገሩ ውስጥ ጨርሶ ወጣ። ሚልድሬድም ውል ፈርመዋልና ዝም አሉ። ኦሃዮ ውስጥ በምትገኘው በቶሊዶ ከተማ ከ1944 ጀምሮ በጋዜጠኝነት ተቀጥረው የፍርድ ቤትና የማዘጋጃ ቤት ወሬ ሲያቀርቡ፥ በመንገድ የሚያገኟቸው ሴቶች ልጅነታቸውን ያሳለፉባቸውን መጻሕፍት የጻፉት እኒህ መሆናቸውን አያውቁም ነበር።

ከ1959 ጀምሮ ደግሞ አሮጌዎቹ መጻሕፍት እንደገና ተጻፉ። 25 ምዕራፍ የነበረው 20 ሆነ፤ ናንሲ ከ16 ዓመት ወደ 18 ዓመት ከፍ አለች፤ አውቶሞቢሏም አዲስ ሆነላት። ለማደሱ የነበረው አንዱ ምክንያት የሚመሰገን ነው፤ በቀደሙት መጻሕፍት ውስጥ ጥቁሮችና ሌሎችም ወገኖች በሚያሳፍር አኳኋን ተስለው ነበርና። ነገር ግን ማረሚያው እንዴት እንደ ተደረገ ልብ በሉ። በመጀመሪያው መጽሐፍ የሐይቁን ዳር ቤት የሚጠብቀው ሰው ጥቁር ነው፤ ሌቦቹ መጠጥ ሰጥተው ያሰከሩት፥ አነጋገሩም ለመሣቂያ እንዲሆን የተደረገ ሰው ነው። በታደሰው መጽሐፍ ጠባቂው አይሰክርም፤ ነገር ግን ጥቁርም አይደለም፤ ነጭ ሽማግሌ ሆኗል። ጥቁሩን ሰው በሙሉ አእምሮና በክብር ቆሞ እንዲናገር አድርጎ ከመጻፍ ይልቅ ከመጽሐፉ ማስወጣት ቀለለ። ስድቡን የጻፉት ሚልድሬድ፥ የሰረዙት ሃሪየት ናቸው፤ በዚህ ነገር ከሁለቱ የትኛዋንም ሙሉ በሙሉ ለማመስገን ብዕሬ አይታዘዘኝም።

በዚያው እድሳት የናንሲም ጠባይ ተለወጠ። የሚልድሬድ ናንሲ ችኩል ናት፤ ትልልቆቹን ሰዎች ፊት ለፊት ትመልሳለች፤ ፈቃድ ሳትጠይቅ ትነሣለች። የሃሪየት ናንሲ ጨዋ ናት፤ ታመሰግናለች፤ ይቅርታ ትጠይቃለች። እኔ የቀድሞዋን እመርጣለሁ። በ1930 አሜሪካ ውስጥ ሥራ የሚያጡ አባቶች በበዙበት ዓመት፥ መሪ ይዛ በሯን ከፍታ የምትወጣ ልጅ መሳል ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ምስጢሩ የተፈታው በገንዘብ ጠብ ምክንያት ነው። በ1979 ድርጅቱ አዲሶቹን መጻሕፍት ከግሮሴት ኤንድ ደንላፕ አንሥቶ ለሳይመን ኤንድ ሹስተር ሰጠ። የቀድሞው አሳታሚ ከሰሰ። በ1980 ጉዳዩ በኒው ዮርክ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሰማ፥ ከሳሹ ወገን ሁሉን እኔ ጻፍሁ የሚለውን ቃል ለማፍረስ ከቶሊዶ አንዲት ምስክር አስጠራ። ምስክሯ በ75 ዓመት ዋዜማ ላይ የነበሩት ሚልድሬድ ናቸው። የ87 ዓመቷ ሃሪየት ባዩዋቸው ጊዜ የሞቱ መስሏቸው እንደ ነበረ ተናገሩ። እስቲ አስቡት፤ ስለ ጠፋ ኑዛዜና ስለ ተደበቀ ወረቀት በብዙ መጽሐፍ የደከሙ ሁለት ሴቶች፥ እነሆ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተደበቀ ወረቀት ሲነበብባቸው ተቀምጠዋል። ከ1930 ጀምሮ የተፈረሙት የመብት መልቀቂያዎችና የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ለፍርድ ቤቱ ቀረቡ። ሚልድሬድ ቃላቸውን ሲሰጡ የእርሳቸው ናንሲና የሃሪየት ናንሲ ሁለት የተለያዩ ልጆች መሆናቸውን አስረዱ እንጂ ክብር ይመለስልኝ ብለው አልጮኹም። ዳኛውም የአሮጌዎቹን መጻሕፍት የማሳተም መብት ለግሮሴት፥ አዲሶቹን እንደ ወደደ የመስጠት መብት ለድርጅቱ ፈረደ። ደራሲዋ ማን ናት የሚለውን ግን እንዲፈርድ የጠየቀው አልነበረም። ሃሪየት በ1982 ሲሞቱ ጋዜጦች የናንሲ ድሩ ደራሲ አረፉ ብለው ጻፉ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ወደ ልቤ የመጣው የብራና መጽሐፎቻችን መጨረሻ ነው። የግዕዝ መጽሐፍ ገልባጭ ሥራውን ሲፈጽም ጸሎት የሚለምነው «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» ብሎ ነው፤ ለጻፈውም ላጻፈውም ማለት ነው። አንዱ ብራናውንና ቀለቡን የሰጠ ባለጸጋ ነው፤ ሁለተኛው ወገቡ እስኪጐብጥ የጻፈው ነው፤ ሁለቱም ይታሰባሉ። ስትራትማየርና ሴት ልጃቸው ያለ ጥርጥር አጻፉ፤ ያለ እነርሱ ናንሲ አትኖርም ነበር። የጻፈው ግን ሌላ ነው፤ በቋንቋችን ይህን ለመለየት አንዲት «አ» ትበቃለች።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ይህ ነገር ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል ስንቱ ነው ረቂቅ አዘጋጅቶ፥ ደግሞ አርሞ፥ በንጹሕ አስመትቶ፥ «ከሰላምታ ጋር» ከሚለው በታች ያለውን ባዶ ቦታ ለአለቃው ትቶ የሚያቀርበው? ይህ የመሥሪያ ቤት ሥርዓት ነው፤ ኃላፊነቱን የሚሸከመው ፈራሚው ስለ ሆነ አልነቅፈውም። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ የጻፍሁትን ንግግር ጉሮሮዬ ታሞ ሌላ ባልደረባዬ ቢያነብልኝ፥ አንድ አድማጭ ለእርሱ ረጅም የምስጋና ደብዳቤ ልኮለት ነበር። ባልደረባዬ ደብዳቤውን አምጥቶ ሰጠኝ። ባይሰጠኝ ኖሮ መቼም አላውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬም ቢሆን ይህን ሳስታውስ ደስ ይለኛል።

ለሚልድሬድ ደብዳቤው የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1991 የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት እንደ ቀድሞው ሆነው እንደገና መታተም ጀመሩ። የስትራትማየር ድርጅት መዛግብትም ወደ ኒው ዮርክ ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ሊቃውንት መረመሯቸው። በ1993 የአይዎዋ ዩኒቨርሲቲ ስለ ናንሲ ድሩ ጉባኤ ሲያደርግ፥ ካሮሊን ኪን ማን እንደ ነበሩ አገሩ ሁሉ ሰማ። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የነበሩት ሳንድራ ዴይ ኦኮነርና ሩት ቤደር ጊንስበርግ በልጅነታቸው ናንሲን ያነቡ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ሚልድሬድ ለእንዲህ ያለው ምስጋና ብዙ ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ በየሳምንቱ ጋዜጣ የሚጽፉት አምድ ይጠብቃቸው ነበርና። በግንቦት 28 ቀን 2002 በ96 ዓመታቸው እስከ ሞቱ ድረስ ከጋዜጣው አልተለዩም። የናንሲን ታሪክ የጻፉባት የጽሕፈት መኪና በዋሽንግቶን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጣለች። መጽሐፉን ግን ዛሬ ከመደብር ብትገዙ በሽፋኑ ላይ የምታነቡት ስም ያው ካሮሊን ኪን የሚለው ነው።